የአራስ ፍም

ጥድ አፋፍ በሚባለው መንደር፣ ከመካነ ሰላም ወደ ላይ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ፣ አራስ አይወድም የሚባል ቤት አለ።

ሌላውን ሰው አይጠላም። ሽማግሌ ታሞበት ድኗል፤ ሙሽራ ገብቶበታል፤ እንግዳ ክረምቱን ከርሞበት በደህና ሄዷል። ግድግዳው የድንጋይ ነው፤ ክንድ ከስንዝር ይወፍራል። ከምድጃው በስተጀርባ ጎንበስ ብለው የሚገቡበት እልፍኝ አለው። መስኮት የለውም። ጣሪያው በወይራ እንጨት ተረብርቦ በጭቃና በእበት ተመርጓል። ያን እልፍኝ የሠሩት ዛሬ በቤቱ የምትኖረው የትምወርቅ ባል የአወቀ አባት ናቸው፤ የደጋው ብርድ አራስ እንዳያገኝ ብለው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ፈልጠው የሠሩት ነው። በዚያ እልፍኝ ከተኙት ሕፃናት ሦስቱ ክርስትና ሳይነሡ ሞቱ።

ሁለቱ የአማቷ ልጆች ነበሩ። ሦስተኛዋ የየትምወርቅ የመጀመሪያ ልጇ ናት።

ያኔ የትምወርቅ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ልጅቱ በተወለደች በስምንተኛው ቀን፣ በነሐሴ፣ ጉም መሬት ድረስ በወረደበት ቀን እናቷ ጎን እንደተኛች ቀረች። አላለቀሰችም፤ አላተኮሳትም። የትምወርቅም ከባድ እንቅልፍ ወስዷት ነበርና የነቃችው ሴቶቹ ሲጮሁ ነው። አጥበው ሲገንዟት አንዷ፣ «የተኛች ነው የምትመስለው፤ ጉንጯ እንኳ እንደ እንጆሪ እንደ ቀላ ነው» ስትል ሰማች። ያቺን ቃል አርባ ሦስት ዓመት ይዛት ኖረች።

ከብዙ ዓመት በኋላ አልታዬን ስታረግዝ ግን አማቷንም ባሏንም እንቢ ብላ፣ አቀስታ አጠገብ ወንድሟ ቤት ሄዳ ወለደች። የወንድሟ ቤት የእንጨት ነው፤ ምርጊቱ ረግፎ ንፋስ ከዚህ ገብቶ በዚያ የሚወጣበት። አራሷ ስትንቀጠቀጥ ከረመች፤ ልጅቱ ግን አደገች። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጸና። ሕፃናቱን የሚወስደው ቤቱ ነው ተባለ። አንዳንዱ ከመሠረቱ ሥር የተቀበረ ነገር አለ ይላል፤ አንዳንዱ የአባት ቆሌ ነው ይላል። የትምወርቅ አንዱንም አልተቀበለች፤ አንዱንም አልካደች። እልፍኙን የእህል ማስቀመጫ አድርጋ ዘጋችው።

አልታዬ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወደ አረብ አገር ስትሄድ የትምወርቅ ባሏን ቀብራ ብቻዋን ቀርታ ነበር። ከልጇ የሚመጣውን ወረቀት ሰው እንዳያነብላት ብላ በሃምሳ ዓመቷ የጎልማሶች ትምህርት ገባች። ጎረቤቷ ፈርሂያ ግንቡ ላይ ቁጭ ብላ ትመለከታትና፣ «ጠመኔ ነው እንጂ ዘነዘና አይደለም የትምዬ፤ ላላ አድርገሽ ያዢው» እያለች ትስቅባት ነበር። ይሁን እንጂ ፊደሉንም ቁጥሩንም ለየች። ከዚያ ወዲያ የተጻፈ ነገር ስታይ ታምነዋለች፤ ዘግይቶ የተገኘ ነገር ሰው እንደሚያከብረው።

አልታዬ ከሳውዲ ሰው ሁሉ በተባረረበት ኅዳር ተመለሰች። በዓመቷ አለምነው የሚባል ከላላ ላይ ልብስ የሚሰፋ ሰው አገባች፤ ወዲያው አረገዘች። የሚኖሩት ከመንገድ ዳር በተከራዩት አንዲት ክፍል ነው። በዚያ አገር ደግሞ የበኩር ልጅ የሚወለደው፣ እናቲቱም የምትታረሰው በእናቷ ቤት ነው። እናት እያለች ሰው ቤት የታረሰችን ልጅ መንደሩ ሲያነሣ ይኖራል።

«እማዬ፣» አለች አልታዬ በፋሲካ መጥታ፣ «ስምንት ዓመት በሰው ቤት ተኝቻለሁ። ልጄን ይዤ አንድ ጊዜ በእናቴ ቤት ልተኛ።»

የትምወርቅ ዓይኗን ወደ እልፍኙ በር መለሰች።

«የቤቱን ነገር እንደሆነ ልጅ እያለሁ ነው የሰማሁት። ቤት ሰው ይገድላል እንዴ?»

የትምወርቅ አዎ ብትል ልጇን ከደጇ ማባረር ነው። የለም ብትል ደግሞ ያቺ እንጆሪ ጉንጭ ትመጣባታለች።

በግንቦት ደሳለው መጣ። መካነ ሰላም የሚቀመጥ፣ ለአንድ ጥናት የተቀጠረ ትሑት ሰው ነው፤ ሥራው ሠላሳ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩ ቤቶችን እየዞረ የውስጣቸውን አየር መለካት ነው። ከሻንጣው የቡና ሲኒ የምታህል ነጭ ሳጥን አወጣ። ፊቷ ላይ ቁጥር ይበራል።

«እቴቴ፣ ይቺ በቤቱ ውስጥ ያለውን አየር ትለካለች። ጭሱን አይደለም፤ እሱንማ ዓይናችንም ይለካዋል። ይቺ የማይታየውን፣ የማይሸተውን ነው።»

የትምወርቅ እጇን በነጠላዋ ጠረገች። «የማይታየውን?»

«አዎ።»

«ሕፃን የሚወስደውንም?»

ደሳለው ቀና ብሎ አያት። «አዋቂም ይወስዳል» አለ።

አርባ ሦስት ዓመት ዳኛ ያጣ ነገር ዛሬ ዳኛ አገኘ። ልጇ በክረምት ልትወልድ እንደሆነ፣ የት እንደምትተኛም ነገረችው፤ ስለ ሞቱት ግን አልነገረችውም። ደሳለው ጎንበስ ብሎ እልፍኙ ገባ። ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰ፣ ጣሪያውን በመብራት አየ። ከዚያ ሳጥኗን በእህሉ መካከል ከቀረው የአራስ አልጋ ራስጌ ሰቀላት።

«እዚህ እልፍኝ ውስጥ እሳት ይነዳል?»

«ኧረ አይነድበትም። ጭስ ለአራስ ምን ሊሆናት?»

እውነቷን ነበር። እሳት አይነድበትም፤ ፍም ነው የሚገባበት። ፍምን ደግሞ ማን እሳት ይለዋል? በጥድ አፋፍ አራስ ስትተኛ ጎረቤት ሁሉ ከየምድጃው የነደደውን፣ ጭሱ ያለቀለትን ፍም በገል እየጫረ፣ አመድ ነስንሶ ያመጣላታል። ከግርጌዋ ባለው የሸክላ ማንደጃ ይገለበጣል፤ በሩ ይዘጋል፤ በበሩ ሥር ጆንያ ይወተፋል። የአራስ ፍም ይባላል። ያላመጣች ጎረቤት ከቀብር እንደ ቀረች ትቆጠራለች። በዚህ የትምወርቅን የሚያህል አልነበረም። የወይራ ፍም ትመርጣለች፤ አንድ ክር ጭስ የቀረበት ጉማጅ ካየች ለቅማ ትጥላለች። «የየትምወርቅ ፍም ዓይን አያስለቅስም» ይሏታል። በመንደሩ የእሷ ፍም ያልገባበት የአራስ ቤት አልነበረም።

«እንግዲህ እንደ ወትሮው ኑሩ» አላት ደሳለው ሲወጣ። «ምንም አትቀይሩ። እኔ እንዳልመጣሁ ቁጠሩት። ነገ በዚህ ሰዓት መጥቼ አያታለሁ።»

ከደጁ እንደወጣ የትምወርቅ መጥረጊያ አነሣች። ቤቱን ጠረገች፤ ወለሉን በእበት ለቀለቀች፤ ሁለቱንም በር ወለል አድርጋ ከፈተች። የምድጃዋን እሳት ጫር አድርጋ አወጣችና ድስቷን ይዛ ፈርሂያ ቤት ገባች።

«ምነው፣ ምድጃሽን ጾም አስያዝሽው?» አለች ፈርሂያ።

«እንግዳ አለብኝ።»

«እንግዳው በዚህ ሲያልፍ አይቼዋለሁ እኮ።»

«ሳጥኑን ትቷል።»

ፈርሂያ ሳቋ እስኪያስላት ሳቀች። «ወላሂ የትምዬ፣ ለሳጥን ታፍሪያለሽ? ምሳስ አላቀረብሽለትም?»

«ያየችውን ሁሉ ጽፋ ነው የምትወስደው። የአወቀ ቤት እንግዳ በጭስ አስለቀሰ ይባል?»

«እንዲያ ከሆነ ወደ እኔ እንዳታመጪያት። እኔ ቤት ገብቶ ሳያለቅስ የወጣ የለም።»

ሁለቱም ሳቁ። የትምወርቅ ግን ሳቋ ከጉሮሮዋ አላለፈም። በቤት ውስጥ ያለን ነውር ለእንግዳ አለማሳየት ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ እውነት ነው። ከዚያ በታች ሌላ ነገር እንዳለ ግን ታውቀዋለች። ፍርድ ፈልጋ ነበር፤ ፍርዱም ቤቱን ነጻ እንዲያወጣላት ፈልጋ ነበር። አንዳንዴ ሰው ዳኛውን ጠርቶ ምስክሩን ይደብቃል።

በማግስቱ ደሳለው ሳጥኗን አወረዳት። አየ፤ ደግሞ አየ።

«ከፍ ያለው ሁለት ነው» አለ። «ሃያ ስድስት ቤት ለካሁ፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ አየር አላገኘሁም። ሠላሳ አምስት ካለፈ ሰው መቀመጥ የለበትም፤ እርስዎ ጋ ሁለት።» ሲወጣ ምድጃው ዘንድ ቆም አለ። አመዱ ነጭ፣ ቀዝቃዛ ነው። «ትናንት እሳት ነበር አይደል?»

«እንደ ወትሮው ነው» አለች የትምወርቅ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ቀላል ነበር።

በወረቀት ጻፈላት። እሱ ከሄደ በኋላ ብቻዋን ሆና ፊደል በፊደል አነበበችው፤ ሁለት የሚለውንም ቁጥር በጣቷ ዳሰሰችው። የልብስ ሳጥኗ ውስጥ ከአወቀ ጋቢ ሥር አስቀመጠችው። በዚያው ሳምንት ከላላ ገበያ ለሚሄድ ሰው መልእክት ሰጠች፤ «አልታዬ ትምጣ በሏት፤ እልፍኙ ንጹሕ ነው።»

አልታዬ በሐምሌ መጨረሻ መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ወለደች፤ ሴት። በሁለተኛው ቀን በበቅሎ አወጧት። እልፍኙ ከእህል ጸድቶ፣ ተለቅልቆ፣ ቄጠማ ተነስንሶ ጠበቃት። ዝናቡ አላቋረጠም። ጎረቤት ፍሙን በገል እየያዘ፣ በቅጠል እየሸፈነ መጣ። ፈርሂያ አመጣች። ማዶ ካለው ቤት እርጉዟ ይርገዱ አመጣች፤ ቀኗ ሊደርስ ወር የቀራት ናት። የየትምወርቅ ፍም ከሁሉም በላይ ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰላም ነበሩ ሊባል ይችላል። አልታዬ ራሴን አመመኝ ትላለች፤ የወለደ ሰው ራሱን ያመዋል። ይተኛኛል ትላለች፤ የደከመ ሰው ይተኛል። ሕፃኗ ጡት እንደያዘች ታንቀላፋለች፤ «ጨዋ ልጅ ናት፣ አታለቅስም» ተባለላት። የትምወርቅ ደጋግማ እየገባች የትንሿን ትንፋሽ በጣቷ ትቆጥራለች። ስትወጣ ለምን እንደቆጠረች ለራሷም አትናገርም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጫጩቶቹ ሞቱ። ዶሮዋ በክረምት የፈለፈለቻቸው ሰባት ጫጩቶች ነበሩ፤ ብርድ እንዳይገድላቸው የትምወርቅ በቅርጫት አድርጋ ከማንደጃው አጠገብ አኑራቸው ነበር። ሰባቱም ክንፋቸውን ዘርግተው ተገኙ። ዶሮዋ ቆማለች፤ ግን እንደ ሰከረ ሰው ትወዛወዛለች። ደጅ ሲያወጧት ትንሽ ቆይታ ጥሬ መልቀም ጀመረች።

«ምትክ ሆኑላችሁ» አለች ይርገዱ። «ለልጅቱ የመጣው እነሱን ይዞ ሄደ። ተመስገን በይ፣ እቴቴ የትምወርቅ።»

የትምወርቅ ተመስገን አለች። ጫጩቶቹን አውጥታ ስትጥል ግን አገላብጣ አየቻቸው። የበላቸው የለም፤ የረገጣቸው የለም፤ ሰውነታቸው ሙቅ ነው። ብርድ አልገደላቸውም። ከልብስ ሳጥኑ ወረቀቱን አውጥታ እንደገና አነበበች። ሁለት ይላል። ወረቀት አይዋሽም፤ የዋሸው ሌላ ነው። «እንደ ወትሮው ነው» ያለችው የራሷ ድምፅ ከእልፍኙ ውስጥ የሚሰማት መሰላት። ለፈርሂያ ልትነግራት አሰበች፤ ግን ምን ብላ? መንደሩ ሁሉ ንጹሕ ነው የተባለውን ሰምቷል። ነገ እላለሁ አለች። ነገ ሲመጣ ነገ አለች።

ስምንተኛው ቀን በነሐሴ ጉም ነጋ። ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ብርዱ አጥንት ይገባል። የትምወርቅ የሦስት ቤት ፍም በአንድ ማንደጃ ላይ ከመረች፤ ለልጄ ልጅ ብላ። በበሩ ሥር ያለውን ጆንያ በእግሯ ጠቅጠቅ አደረገችው። ከዚያ ፈርሂያን ልትቀበል ወደ ደጅ ወጣች፤ ፈርሂያ አጥሚት በማሰሮ ይዛ፣ ኩታዋን ተከናንባ በረዶው ውስጥ ትመጣ ነበር። በሌላ ቀን የማይረዝም ነገር ያን ቀን ረዘመ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጠልለው ስለ ማሳው፣ በረዶው ስለመታው ገብስ ሲያወሩ ቆዩ።

አብረው ገቡ። ፈርሂያ ቀድማ ጎንበስ ብላ በእልፍኙ በር አንገቷን አስገባች።

«አልታዬ፣ ማሻ አላህ፣ አራስነት አማረብሽ እኮ። ጉንጭሽ እንደ እንጆሪ ቀላ። ከአረብ አገር ያመጣሽውን ነው የተቀባሽው?»

አልታዬ አልመለሰችም።

የትምወርቅ ከኋላ ቆማ ቃሉን ሰማች። አርባ ሦስት ዓመት ከምትሰማው ድምፅ ጋር አንድ ሆነባት።

«በሩን ክፈቺው» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«ኧረ ብርዱስ? አራስ እኮ ናት።»

«የውጭውንም። ሁሉንም ክፈቺው።»

ጆንያውን ረግጣ ገባች። ሕፃኗን ከነጨርቋ አነሣች፤ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠለጠለችባት። ደጅ አወጣቻት። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ በረዶው እግሯ ላይ እየፈረጠ፣ ፊቷን ገልጣ ለንፋስ ሰጠቻት። አልታዬን ግን ብቻዋን ማንሣት አትችልም። ሕፃኗን በአንድ እጇ እንደያዘች ተመልሳ የአልጋውን ቁርበት ጫፍ ያዘች፤ ፈርሂያ ሌላውን ያዘች። ሁለት አሮጊቶች አንዲትን ሴት በቁርበት እየጎተቱ በምድጃው ጎን አልፈው ደጃፍ ላይ አደረሷት። ፈርሂያ ራሷን ይዛ ተንገዳገደች፤ «ምን ሆንኩ፣ ዓይኔን ጋረደኝ» አለች።

የትምወርቅ ቆጠረች። ትንፋሽ እየጠበቀች ቆጠረች። አሥር። አሥራ አምስት። ሃያ ሦስት ላይ ስትደርስ ሕፃኗ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ሠላሳ አንድ ላይ እንደ ድመት ግልገል ቀጭን ድምፅ አወጣች። የትምወርቅ መቁጠሯን አላቆመችም።

አልታዬ ካስታወከች በኋላ ዓይኗን ገለጠች። «እማዬ፣ ደጅ ላይ ምን ታደርጊኛለሽ?» አለች።

የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ወደ መካነ ሰላም ወሰዷቸው። የትምወርቅ ሕፃኗን በጉያዋ ይዛ ከኋላ ተከተለች። ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለቻቸው ነርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት።

«ከሰል ነበር?»

«ኧረ ከሰል አይደለም። ፍም ነው።»

«አንድ ነው፣ እናቴ» አለች ነርሷ።

በሦስተኛው ቀን ልጅቱ ጡት መሳብ ስትጀምር የትምወርቅ ደሳለውን ፍለጋ ሄደች። ከቢሮው ደጃፍ አገኘችው። ሰላምታውን አስቀርታ፣ «ያን ቀን እሳት አልነበረም» አለችው።

«የትኛውን ቀን፣ እቴቴ?»

«የጻፍክልኝን ቀን። ምድጃዬን አጥፍቼ፣ በሬን ከፍቼ ነው ያዋልኩት። ዋሸሁህ።» ከዚያም የሆነውን ሁሉ፣ ከጫጩቶቹ እስከ በረዶው ነገረችው። የሦስቱንም ሕፃናት ነገር ነገረችው።

«አመዱ ቀዝቃዛ እንደነበር አይቻለሁ» አለ ደሳለው። «አይቼ ነው የጻፍኩት። ከሃያ ስድስት ጨለማ ቤት በኋላ አንድ ደህና ቁጥር ደስ ብሎኝ ነበር።»

አልታዬና ልጇ ከላላ ወዳለችው የመንገድ ዳር ክፍላቸው ሄዱ። ሐኪሙ ሕፃኗን እየተመለሱ ያሳዩ አለ፤ ያለፈው ምን ጉዳት እንደተወባት ስታድግ ነው የሚታወቀው አለ። የትምወርቅ ይህን በልቧ ይዛ ወደ ጥድ አፋፍ ተመለሰች።

ደሳለው በጳጉሜን መጣ። በዚህ ጊዜ የትምወርቅ ምንም አልደበቀችም። የወይራ እንጨት አነደደች፤ ጭሱ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ፍሙን በገል ጭራ ለአራስ እንደምታደርገው ማንደጃው ላይ ገለበጠች። ማንም በሌለበት እልፍኝ ሳጥኗ ከአልጋው ራስጌ ተሰቀለች። በሩ ተዘጋ፤ ጆንያው ተወተፈ። ሦስቱ፣ እሷ፣ ፈርሂያና ደሳለው፣ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፈርሂያ ሊያስቃቸው የሚችል አንድ ነገር ልትል ጀምራ ተወችው።

ብዙ አልቆየም። በዚያ ወፍራም ግድግዳ ውስጥ ሳጥኗ እንደ ጫጩት ትጮህ ጀመር። ቲው፣ ቲው፣ ቲው። አላቋረጠችም። ደሳለው ትንፋሹን ውጦ ገባና ይዟት ወጣ። የትምወርቅ ከእጁ ተቀብላ ቁጥሩን ራሷ አነበበችው። መቶ ሰማንያ ስድስት።

«አሁን ንገረኝ» አለች። «ቤቱ ነው ወይስ ፍሙ?»

«ቤቱ ዘግቶ ይይዘዋል እንጂ ከራሱ አያወጣውም። የሚወጣው ከፍሙ ነው። ጭሱ ቢኖር ኖሮ አስሏችሁ በወጣችሁ ነበር። ጭስ የሌለው ነው ሰው አስተኝቶ የሚይዘው።»

«በሌላ ቤትስ?»

«በሩ የተዘጋ፣ ፍም የገባበት ቤት ሁሉ።»

ቤቱ ነጻ ወጣ። መንደሩ ስንት ዘመን የጠላው ድንጋይ ምንም አላጠፋም። የትምወርቅ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየቻቸው። ከወይራው መካከል ጭስ ያለበትን እየለቀሙ የሚጥሉ እጆች። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗት፣ ብርድ ልጄን አገኛት ብላ ከአልጋዋ ወርዳ በስምንተኛው ቀን ፍሙን የቆሰቆሰችው እሷው ነበረች። ይህን ረስታው ኖራለች። አሁን መጣላት።

ደሳለው ሻንጣውን አስሮ ተሰናበተ። ሁለቱ ሴቶች ቀሩ። ፈርሂያ መሬቱን በእንጨት ትጭር ነበር።

«የትምዬ።»

«ወይ።»

«ጀብሪልዬ በታኅሣሥ ነው የተወለደው። ብርዱን ታስታውሽዋለሽ።»

የትምወርቅ አስታወሰችው። የፈርሂያ ሁለተኛ ልጅ ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ኖረ። «የአላህ ነው» ተብሎ ተቀበረ።

«የዚያን ቀን ጠዋት ፍም ያመጣልኝ ማነው?»

ጉሙ ከአፋፉ ሥር እየተነሣ ነበር። የትምወርቅ ልትዋሽ ትችል ነበር። አንድ ጊዜ እንደ ወትሮው ነው ብላ ነበርና ቃሉ እንዴት ቀላል እንደሆነ ታውቀዋለች።

«እኔ ነኝ» አለች። «በሁለት ገል።»

ፈርሂያ እንጨቷን ጣለች። አላለቀሰችም፤ ቀናም ብላ አላየቻትም። «ጭስ አልነበረውም» አለች ቀስ ብላ። «ስትሄጂ አመስግኜሽ ነበር።»

የትምወርቅ ስንት የአራስ ቤት እንደገባች ልትቆጥር ጀመረች። የታኅሣሥ አራሶች፣ የነሐሴ አራሶች። ተኝቶ ቀረ የተባለ፣ ቡዳ በላው የተባለ፣ ቆሌ ነው የተባለ። አንዱን ስታነሣ ሌላው ይመጣል። ካሰበችው በላይ ሆነባትና አቆመች።

ያኔ ነው ማዶውን ያየችው። ይርገዱ ከወለደች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። የቤቷ በር ተዘግቷል። ከጣሪያው ክር የምታህል ጭስ እንኳ አይወጣም። በሜዳው መካከል አንዲት ሴት፣ እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ፣ በቅጠል የተሸፈነ ገል ይዛ ወደዚያ በር ትሄድ ነበር። እንዳይበርድባት ትፈጥናለች።

የትምወርቅ ተነሣች። ከኋላዋ ፈርሂያ ስትነሣ ሰማቻት።

«አትሰማሽም» አለች ፈርሂያ። «አራስ ላይ በር የሚያስከፍት ጠላት ነው የሚሉሽ።»

«ይበሉኝ።»

«እኔ እጠራታለሁ፤ የኔ ድምፅ ይደርሳል» አለችና ፈርሂያ ቀድማት ወረደች። የትምወርቅ በረዶ በመታው ገብስ ውስጥ ተከተለቻት። ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ደርሳ ጎንበስ ስትል፣ በሩ ተከፍቶ ሲውጣት፣ እንደገና ሲዘጋ ሁለቱም ያዩት ነበር። የሚቀራቸው መንገድ አንድ ማሳ ነው።